ፒያኖ ቃኚውና የዳቬይተኑ ሰው

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ አንድ የፈረንሳይ ልብወለድ እንድናነብ ታዘዝን። በእንግሊዝኛ ነው ያነበብነው እንጂ ፈረንሳይኛውንማ ከየት አባቴ አመጣዋለሁ! መጽሐፉ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የአንድ ሰው ኑዛዜ ነው። ሰውየው ፒያኖ ቃኚ ነው፤ ወንዝ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ከቤት ቤት እየዞረ የሀብታሞችን ፒያኖ ይቃኛል። ከነዚያ ቤቶች በአንደኛው የምትኖር ሴት ይወዳል። ይወዳል፣ ይወዳል፣ አይናገርም። እሷ ታረጃለች፣ ትሞታለች። ይሄኔ ነው ሰውየው ብዕር አንስቶ፣ ሴትዮዋን አይተናት ለማናውቅ ለእኛ የሆዱን የሚዘረግፍልን።

መምህራችን መጽሐፉን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛ «የዚህ ሥራ ውበቱ ዝምታው ነው» አለችን። ከፊት የተቀመጡት ልጆች ጻፉት። እኔ አልጻፍኩትም። ሰውየውን ባገኘው ትከሻውን ይዤ ብንጠው ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ያህል ለምን እንደተናደድኩ ያን ጊዜ በቅጡ አልገባኝም። እኛ ቤት ግን ዝም የሚባልባቸው ነገሮች ብዙ ስለነበሩ ዝምታን እንደ ውበት ማየት አልለመደብኝም።

ያደግኩት ብርድ ልብስ መሐል ነው። አባቴ ጆሃንስበርግ መሐል ከተማ፣ ከምድር ቤቱ እስከ ላይኛው ፎቅ ባገራችን ሰዎች ሱቅ በተሞላ ሕንፃ ውስጥ፣ ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጣል። ከጻካኔም፣ ከዳቬይተንም፣ ሎኬሽን ከሚባሉት የከተማ ዳር የጥቁሮች ሰፈሮች ሁሉ፣ ስፓዛ የሚሏትን ትንሽ የሰፈር ሱቅ የከፈቱ ያገር ልጆች ጠዋት ጠዋት እየመጡ ጭነው ይሄዳሉ። ሱቁ በአባቴ ስም ይጠራ እንጂ የምታንቀሳቅሰው አክስቴ ናት፤ የአባቴ ታናሽ እህት።

እናቴ የሞተችው እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። በዚያው ሰሞን የአክስቴ ባል ደርባን መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሞተ። ሁለት የፈረሰ ቤት ተገጣጥሞ አንድ ቤት ሆነና ዮቪል ውስጥ አንድ አፓርታማ ተከራይተን ገባን። እሷ ልጅ አልነበራትም። ጸጉሬን የሠራችኝ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ከአስተማሪዎቼ ጋር የተጨቃጨቀችልኝ፣ የብርድ ልብስ ካርቶን ላይ ፊደል እየጻፈች ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ቤት ውስጥ ስልጥኛ፣ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ፣ ከደንበኛ ጋር ዙሉ እንናገራለን፤ አማርኛ የሕንፃው ቋንቋ ነው። «ከሁሉም ጋር የሚያግባባሽ እሱ ነውና እየተኮላተፍሽ እንዳታሳፍሪኝ» ብላ በደንብ አስያዘችኝ። እቴቴ ነው የምላት።

ፈተና ቢቀርብም ሱቅ መዋል አይቀርልኝም ነበርና መጽሐፉን የማነበው የብርድ ልብስ ክምር ላይ ወጥቼ ነው። አንድ ቀን እቴቴ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምንድነው እሱ? ፊትሽን እንዲህ የሚያስቋጥርሽ?»

«ልብወለድ ነው እቴቴ። ሴት የሚወድ የአንድ ፈሪ ሰውዬ ታሪክ።»

«ምን አደረገ?»

«ምንም። ችግሩ እሱ ነው እኮ።»

ሳቀች። «ምንም ያላደረገን ሰው ታሪክ ነው ይህን ያህል አወፍረው የጻፉት?»

በዚያ ተጀመረ። ከቀትር በኋላ ገዢ ሲሳሳ ያነበብኩትን ያህል እተርክላታለሁ። ከፊት ለፊታችን መጋረጃ የምትሸጥ የሆሳዕና ሴት አለች፤ ጨዋታ ሲሸታት ሱቋን ክፍት ትታ የምትመጣ ናት። እሷም በርጩማዋን ይዛ መጣች። ሁለቱም ገና ከበር ስገባ «ያ ፈሪ ምን ሆነ?» ይሉኛል።

«እኔ የማይገባኝ» አለች መጋረጃ ሻጯ፣ «ፈረንሳይ አገር ሽማግሌ የለም እንዴ?»

«ያለ አይመስለኝም» አልኳት።

«ታዲያ እንዴት ነው የሚጋቡት?»

«ራሳቸው ይናገራሉ።»

«ይኸው አልተናገረም! እኛ አገር ሽማግሌ የተሠራው ለማን መሰለሽ? ለእንደዚህ ዓይነቱ ነው።»

እቴቴ ለሰውየው ምሕረት አልነበራትም። «ዱልዱም»፣ «አፈ ድዳ» እያለች ትሰድበዋለች። ታሪኩ ግማሽ ሲደርስ ግን ስድቡ ቆመ። የቆመበትን ቦታ አስታውሰዋለሁ። ሴትዮዋ ጣቶቿን ያማትና ፒያኖ መጫወት ትተዋለች። ቃኚው ግን መምጣቱን አይተውም። ፒያኖ ማለት እንደ ክራር ክር ያለው፣ በየጊዜው መቃኘት ያለበት ነገር መሆኑን አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር።

«የማይነካ ፒያኖ ምኑ ይቃኛል?» አለች መጋረጃ ሻጯ።

«ምኑም። ይከፍተዋል፣ ትንሽ ይነካካዋል፣ ይዘጋዋል፣ ይሄዳል።»

«እሷስ ታውቃለች?» አለች እቴቴ።

«አይልም። የተጻፈው በእሱ አፍ ስለሆነ እሷ ምን እንደምታስብ አናውቅም።»

እቴቴ ስታጥፈው የነበረውን ብርድ ልብስ አስቀመጠች። «ታውቃለች» አለች። «ይሄ ለሴት አይጠፋትም።» ተነስታ ወደ ኋላ፣ ዕቃ ወደሚከመርበት ሄደች። መጋረጃ ሻጯ እኔን አየችኝ፤ እኔ ትከሻዬን ነቀነቅኩ። ልብ ካላየ ዐይን አያይም ይባል የለ።

የዳቬይተኑ ሰው የምንለው ደንበኛ ነበረን። ዳቬይተን ስፓዛ አለው። ቀጠን ያለ፣ ረዘም ያለ፣ ለሰላምታ እጁን ደረቱ ላይ የሚያደርግ ሰው ነው። ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል። ሌሎቹ ብርድ ልብስ የሚገዙት የዚህ አገር ክረምት ሲገባ፣ ግንቦት ሰኔ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሌላው ክረምት አናያቸውም። እሱ ግን አስፋልቱ በሚቀልጥበት በታኅሣሥም ይመጣል። ሁለት ብርድ ልብስ ይገዛል፤ አንዳንዴም አንድ። «የዚህ ሰው ሎኬሽን በረዶ ላይ ነው እንዴ የተሠራው?» ትላለች መጋረጃ ሻጯ ሲወጣ። እንስቃለን። እቴቴ አትስቅም፤ ደንበኛ ስለምታከብር ይመስለኝ ነበር።

ከፒያኖው ወሬ በኋላ በመጣው ሐሙስ፣ ሰውየው እንደ ልማዱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በር ላይ ቆመ። ገበያ እንዴት እንደሆነ ጠየቀ፣ እቴቴም አልሐምዱሊላሂ አለችው። ወደ ውስጥ ሲገባ እኔ ክምሩ ላይ ሆኜ እያየሁት ድንገት ለማን ብሎ እንደሚመጣ ገባኝ። ስንት ዘመን ከፊቴ የነበረውን ነገር ፈረንሳዮች ጽፈው እስኪልኩልኝ አለማየቴ አናደደኝ።

ያን ቀን ሰውየው የጠየቀው ጥያቄ ከወትሮው የተለየ ነበር። ከላይ የተሰቀሉትን ድርብ ብርድ ልብሶች ሲያይ ቆየና «ሴት የትኛውን ትወዳለች?» አላት።

እቴቴ ተራ በተራ አየቻቸው። ከዚያ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ አበባ ያለበትን አስወርዳ በእጇ ዳበሰችው። «እኔ ብሆን ይሄን» አለችው። ሰውየው ሌላ ሳያይ ገዛው፣ ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ።

መጋረጃ ሻጯ እየሮጠች መጣች። «እኔ ብሆን ነው ያልሽው? ሰማሁሽ! እሱስ ምን ነው ያለው? ሴት? የቷ ሴት?»

«ዝም በይ» አለቻት እቴቴ። ጉንጯ ግን በርቶ ነበር። እሷም፣ መጋረጃ ሻጯም፣ እኔም ነገሩን አንድ ዓይነት ተረዳነው። በእኛ ሰዎች ዘንድ ወንድ የልቡን በቀጥታ አይናገርም፤ ዙሪያውን ይሄዳል፣ ዕቃ ያስመርጣል፣ ጤና ይጠይቃል። ሰውየው በስተመጨረሻ አፉን ከፈተ ብለን ደመደምን።

ማታ ቤት ስንገባ የመጽሐፉን መጨረሻ ጠየቀችኝ። ገና አልደረስንበትም ብላት፣ አሁኑኑ ንገሪኝ አለች። ሴትዮዋ እንደምትሞት፣ ልጆቿ ፒያኖውን እንደሚሸጡት፣ ቃኚው ሰዎች ተሸክመው ሲያወጡት መንገድ ዳር ቆሞ እንደሚያይ ነገርኳት።

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» አለች። «እኔ እንደዚህ ሰውዬ ሆኜ አልሞትም። እወደዋለሁ። ይኸው አልኩት።»

እንዲህ አፏን ሞልታ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ባሏ የሞተ ጊዜ ለቅሶው ላይ ውሎ እያመሸ በር ላይ ሰው ሲቀበልና ሲሸኝ የነበረው እሱ መሆኑን ነገረችኝ። ሀዘኑ ወጥቶ ልቧ ሲመለስ መጀመሪያ የፈለገችው ሰው እሱ ነበር። ሽማግሌ ይልካል ብላ ጠበቀች። አልላከም። ሐሙስ ሐሙስ ግን መጣ። «ሐሙስ ከቀረ ታሞ ነው እላለሁ፤ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

«እሱ ካልላከ እኔ እልካለሁ።»

እንደዚህ ያለ ነገር እኛ ዘንድ ተሰምቶ አይታወቅም። እኔን ግን ደስታ አስፈነጠዘኝ። በማግሥቱ አብረን ሦስተኛ ፎቅ፣ ሻንጣ ወደሚሸጡት ወደ ሐጂ ወጣን። የሕንፃው ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት፣ ሲጋባ ሽማግሌ የሚሆኑት እሳቸው ናቸው።

«ሐጂ፣ ሽማግሌ እንዲሆኑኝ ነው የመጣሁት» አለቻቸው።

ወደ እኔ ፈገግ አሉ። «ለዚህች ልጃችን ነው?»

«ለራሴ ነው። ወደ ዳቬይተኑ ሰው ይሂዱልኝ።»

በእጃቸው የነበረው መቁጠሪያ ቆመ። «ሴት ሽማግሌ ትልካለች እንዴ ልጄ?»

«የነቢያችን የመጀመሪያ ባለቤት ነጋዴ አልነበሩም? ራሳቸው አይደሉ እንዴ ለጋብቻ ሰው የላኩባቸው?»

ሐጂ ጺማቸውን ዳበሱ። እቴቴን ደግሞ እንግዳ ነገር እንዳየ ሰው ትክ ብለው አዩዋት። «አንቺው ራስሽ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። «ይሄን ነገር መጀመሪያ ከወንድምሽ ጋር ተነጋገሪው፤ እኔ ምንም አልልም» አሉ።

«ሐጂ፣ የማገባው ወንድሜን አይደለም» ብላቸው ወጣች።

ሽማግሌ እምቢ ካለ እኔው ሽማግሌ ነኝ አለች። እሑድ ከሰዓት አባቴ መስጊድ ሲሄድ ሁለታችን ወጣን። አረንጓዴ ሻሿን አሰረች፤ እኔ ኩል ልቀባሽ ብላት «ላባብለው አይደለም የምሄደው፤ ልነግረው ነው» ብላ ከለከለችኝ። ታክሲ ውስጥ ስትቀመጥ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው። «እምቢ ቢልሽስ?» አልኳት በስልጥኛ፣ ሰው እንዳይሰማ።

«እምቢ ቢለኝ አውቀዋለሁ። አሁን የማላውቀው ነገር ነው የሚገድለኝ።»

ስፓዛው ከአንድ ግቢ ፊት ለፊት የቆመ፣ ቢጫ የተቀባ የብረት ኮንቴነር ነው። ሰውየው ከፍርግርጉ ኋላ ሆኖ ለአንዲት አሮጊት ግማሽ ዳቦ እየቆረጠ ነበር። እኛን ሲያይ ቢላዋው እጁ ላይ ቀረ። «ማይፍሬንድ፣ ዳቦዬን» አለችው አሮጊቷ፤ የዚህ አገር ሰው ባለ ስፓዛን ሁሉ የሚጠራው እንዲያ ነው። ሰጣት፣ በሩን ከፈተልን፣ ከኋላ ወደሚተኛበት ክፍል አስገባን። አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የመስጊድ ሥዕል አለ። ጥጉ ላይ ከነፕላስቲኩ ቀዩ ብርድ ልብስ ተቀምጧል። እቴቴ አየችው፣ ፈገግታዋን ለመደበቅ አንገቷን ደፋች።

ሻይ ላፍላ አለ። «ቁጭ በል» አለችው። «ልመጣ ያሰብኩት በሽማግሌ ነበር፤ ሽማግሌው ጉልበት አጣ። ስለዚህ ራሴ እናገራለሁ። ዓመታት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለህ። የምትመጣው ለብርድ ልብስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔም ሐሙስን ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ብትጠይቀኝ እሺ ነው መልሴ። ካልጠየቅከኝ ደግሞ እኔ እየጠየቅኩህ ነው።»

ሰውየው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ደም አልነበረበትም። «ያን ጊዜ መልስ ሰጥተሽኝ የለም እንዴ?» አለ።

«የቱን ጊዜ?»

«ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ። ባለቤትሽ በሞተ በሁለተኛው ዓመት። ሐጂን ነው የላክሁት፣ ወደ ወንድምሽ። ወንድምሽ ጠየቅኳት፣ ባሏን አልረሳችም፣ ማንንም አላገባም አለች ብሎ መለሰልኝ።»

እቴቴ ወንበሩን ያዘች። እኔ ሐጂ ለምን እንደዚያ እንዳዩዋት ገባኝ። እምቢ አለች የተባለችው ሴት ናት ሽማግሌ ሁኑኝ ብላ የመጣችባቸው።

«ማንም አልጠየቀኝም» አለች። ድምጿ ቀጭን ሆነ። «ማንም፣ መቼም፣ አልጠየቀኝም። አንተስ እምቢ ካልኩህ ለምን ትመጣ ነበር?»

«ሐሳብሽን ብትለውጪ ብዬ» አለ። «ካልለወጥሽም እያየሁሽ መኖሩ ይበቃኛል አልኩ። አንድ ጊዜ እምቢ ያለችን ሴት መልሶ መጠየቅ ነውር ነው።»

ይሄኔ የእቴቴ ፊት በራ። የእኔም። እንግዲህ ምን ቀረ? ሁለቱም ጠይቀዋል፣ ሁለቱም እሺ ብለዋል። እሱ ግን ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ።

«ኒካህ አስሬያለሁ» አለ። «ባለፈው ወር። በስልክ።»

ብዙዎቹ ወንዶቻችን የሚያገቡት እንደዚያ ነው። ሙሽራይቱ፣ አባቷና ምስክሮቹ አገር ቤት፣ ሙሽራው እዚህ ሱቁ ውስጥ፤ በስልክ ይጠያየቃሉ፣ ይመርቃሉ፣ ያልቃል። ልጅቷ ቪዛ እስክታገኝና ደኅና እስክትገባ ድረስ ወሬው አይወጣም። እሱም ለማንም አልተናገረም ነበር። ሰውየው ይህን ሲያስረዳ እቴቴ እያዳመጠችው አልነበረም። ጥግ ላይ ያለውን ብርድ ልብስ እያየች ነበር። ያን ጊዜ ልቤ የተሰበረው ለእሷ ነው፤ ለሌላ ሴት አልጋ ያን ብርድ ልብስ የመረጠችው በገዛ እጇ ነው።

ውጭ ልጆች ፍርግርጉን እያንኳኩ ማይፍሬንድ፣ ማይፍሬንድ ይላሉ። ማንም አልተነሳላቸውም።

«በሃይማኖታችን...» አለ ሰውየው ቀስ ብሎ፣ «ሁለት... የተፈቀደ ነው። አንቺ እሺ ካልሽ...»

«ተወው» አለችው። «ያቺ ልጅ እናቷን ትታ፣ አገር አቋርጣ የምትመጣው አንተን ብላ ነው። የገባች ዕለት እኔን እዚህ ተቀምጬ ልታገኘኝ? አላደርገውም።»

«እኔ እኮ...»

«አውቃለሁ» አለችው። «እኔም።»

ተነሳች። በሩ ላይ ስንደርስ ዞር ብላ «ብርድ ልብሱ በሙቅ ውሃ አይታጠብም፤ ንገራት» አለችው። ከዚያ አረንጓዴ ሻሿን አጥብቃ ወደ ታክሲው መንገድ ቀድማኝ ሄደች።

ታክሲ ውስጥ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እሷ አላለቀሰችም። በመስኮት እያየች «ጠይቆኝ ነበር» ትላለች። ቆየት ብላ እንደገና «ስሚ፣ ጠይቆኝ ነበር እኮ» ትላለች። ደስታም ቁጣም ነበረበት። እኔ የመጽሐፉን ሰው አሰብኩ፤ ማንም ሳይከለክለው የገዛ አፉን የዘጋውን። የእኛው ሰው አልዘጋም። ደንቡ በሚያዘው መንገድ ሁሉ፣ በሽማግሌ፣ በክብር ተናግሮ ነበር። ጥያቄው ሄደ፣ መልሱ መጣ፤ ጥያቄውም መልሱም እሷን አልነካትም። መምህራችን ስለ ዝምታ ውበት ያለችው ትዝ አለኝና በፈረንሳዩም፣ በራሳችንም ሰዎች እኩል ተናደድኩ።

ዮቪል ደርሰን ደረጃውን ስንወጣ «ዛሬ ይቅር፣ ደክሞሻል» አልኳት። «ዓመታት ሙሉ አርፌያለሁ» አለችኝ።

አባቴ ሶፋው ላይ ጫማውን አውልቆ ዜና እያየ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ሳልጽፍ አላልፍም። እኔን አንድ ቀን በእጁ ነክቶኝ አያውቅም፤ ለትምህርት ክፍያዬ ብሎ መኪናውን ሽጧል። እቴቴ ከፊቱ፣ በእሱና በቴሌቪዥኑ መሐል ቆመች።

«ጋሼ፣ ሐጂ ስለ እኔ ሽማግሌ ሆነው መጥተው ነበር?»

አባቴ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ። መካድ ይችል ነበር፤ አልካደም። «ማን ነገረሽ?»

«ጠያቂው። ጠይቄያት እምቢ አለች ብለህ መልሰሃል። መቼ ነው የጠየቅከኝ?»

«ያኔ ሀዘንሽ አልወጣም ነበር። ላንቺው ብዬ...»

«ሃይማኖቱን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ» አለችው። አልጮኸችም። «ለልጃገረድ ዝምታዋ እሺታ ነው ይባላል። ባል የነበራት ሴት ግን በአፏ ትጠየቃለች፣ በአፏ ትመልሳለች። እኔ ባል የነበረኝ ሴት ነኝ። አፌ የት ሄዶ ነው አንተ የመለስክልኝ?»

አባቴ መሬት መሬት አየ።

«የእኔ አልፏል» ቀጠለች። «ሰውየው ዛሬ የሌላ ነው፤ አልመልሰውም። ይህችን ልጅ ግን ስማኝ። ነገ ለእሷ ሐጂም ይምጣ፣ ንጉሥም ይምጣ፣ ጥያቄው እሷ ጆሮ ሳይገባ መልስ ከዚህ ቤት አይወጣም። ቃልህን አሁን ስጠኝ፣ እሷው ፊት።»

«እሺ» አለ አባቴ። እሺ ሲል ሰምቼው የማላውቀው ዓይነት እሺ ነበር። እቴቴ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«ለምን?» አለችው። «እሱን ብቻ ንገረኝ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ሠርቶ አዳሪ ነው፣ ጎረቤታችን የነበረ ያገራችን ልጅ ነው። ለምን?»

አባቴ ቀና ሲል ያየው እሷን ሳይሆን እኔን ነው። በር ላይ እንደቆምኩ፣ ቦርሳዬን ሳላወርድ ነበርኩ።

«ሕፃን ነበረች» አለ። «እናቷ ሞታ፣ ሌሊት ሌሊት ካላንቺ ማንም አያስተኛትም ነበር። ካንቺ ጋር ነበር የምታድረው። አንቺ ከሄድሽ ልጅቷን ምን አደርጋታለሁ ብዬ ነው።»

ግድግዳውን ተደገፍኩ። እቴቴም ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፤ በዚያ አስተያየት ውስጥ ቅያሜ ፈለግኩ፤ አልነበረም። ወንድሟን መልሳ ስታየው ግን ቀኑን ሙሉ ያላፈሰሰችው እንባ በጉንጯ ይወርድ ነበር።

«እሷንማ» አለችው፣ «ይዣት እሄድ ነበር።»

አባቴ ይህንንም አልጠየቃትም ነበር።